ቅርጫት ሥር የሚቆመው ግዙፍ ዛሬ ስንት ያወጣል? የሴንተርን ዋጋ የመመዘኛ መመሪያ

በ2015ቱ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ የክሊቭላንዱ ሴንተር (ቅርጫት ሥር የሚጫወተው ረጅም ሰው) ቲሞፌይ ሞዝጎቭ 28 ነጥብ አስቆጠረ፤ 10 ሪባውንድም (ተስቶ የተመለሰ ኳስ) ሰበሰበ። በዚያ ምሽት ከቡድኑ የበለጠው አልነበረም። ክሊቭላንድ ግን በጎልደን ስቴት 103 ለ 82 ተሸነፈ። በአምስተኛው ጨዋታ ሞዝጎቭ ሜዳ ላይ የቆየው 9 ደቂቃ ብቻ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያነበበ ሰው ግራ ይጋባል፤ ጨዋታውን ያየ ግን ነገሩ ይገባዋል። ጎልደን ስቴት ሴንተሩን አንድሩ ቦጉትን ከመጀመሪያዎቹ አምስት አውጥቶ አንድሬ ኢጉዳላን አስገባ፤ ሁለት ሜትር በቅጡ የማይሞላው ድሬመንድ ግሪን የሴንተሩን ቦታ ያዘ፤ ሜዳው ተከፈተ። ሞዝጎቭ ቀለበት ሥር ሁለት ሁለት እያለ የሚለቅመውን ጎልደን ስቴት በሌላው ጫፍ በሩጫና በሦስት ነጥብ ውርወራ አስበልጦ ይመልሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ “የረጅም ሴንተር ዘመን አበቃ” የሚለው ወሬ ዓመታት ቆየ። ወሬው ስሕተት ነው። ዋጋው አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ድሮ ገንዘቡ የሚከፈለው ኳስ ተቀብሎ በትከሻው እየገፋ ለሚያስቆጥር ነበር። ዛሬ የሚከፈለው ተጋጣሚው የሚወደውን ውርወራ እንዲተው ለሚያደርግ፣ እንዲሁም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከሜዳ ለማይወጣ ነው። ይህን ደግሞ የነጥብ አማካይ አያሳይም። ስለዚህ አንድን ሴንተር ስትመዝኑ ምኑን፣ ስንት ጊዜ፣ እንዴት እንደምትቆጥሩ ከዚህ በታች እናያለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የተጫዋቹን አራት ሙሉ ጨዋታዎች አዘጋጁ፦ ሁለቱ ከመደበኛው ዙር፣ ሁለቱ ከፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ዙር በኋላ ከሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር)። ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ከስክሪን (ጓደኛው ቆሞ ተከላካዩን ከሚያግድበት) ወጥቶ ሦስት ነጥብ መወርወር ከሚችል ጋርድ (ኳስ የሚነዳ የውጭ ተጫዋች) ጋር የተደረገ ይሁን። ምርጥ ምርጡ የተለቀመበት አጭር ቪዲዮ ለዚህ ሥራ አይረዳም፤ የሴንተር ድክመት ዳንክ (ኳስን ከላይ በእጅ ቅርጫት ውስጥ መክተት) በሚያሳይ ቅንብር ውስጥ አይገባምና። ደብተርና እርሳስ ይበቃል። እያንዳንዱን የመከላከል አጋጣሚ ሁለት ጊዜ እዩት፤ መጀመሪያ እንደማንኛውም ተመልካች ኳሱን፣ ቀጥሎ የሴንተሩን እግር ብቻ። ሁለተኛው እይታ አድካሚ ነው፤ ግን ሙሉው ፍርድ ያለው እዚያ ነው።

ሕጉ ዋጋውን እንዴት እንዳዛወረው

የኤንቢኤ ሕግ ከጥንት ጀምሮ ግዙፎቹን ከቅርጫት ለማራቅ ሲታገል ኖሯል። በ1951 በጆርጅ ማይካን ምክንያት የቅርጫት ሥሩ ክልል ስፋት ከ1.83 ሜትር ወደ 3.66 ሜትር ሰፋ። በ1964 ዊልት ቻምበርሌን በገነነበት ጊዜ ደግሞ 4.88 ሜትር ሆነ። እነዚህ ሁለቱ ሴንተሩን ጥቂት ገፋ አደረጉት እንጂ ዋጋውን አልነኩም። ዋጋውን የነኩት ሌሎች ሁለት ናቸው።

አንደኛው በ1979 የገባው የሦስት ነጥብ መስመር ነው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ 2.8 ጊዜ ብቻ ይሞክር ነበር፤ በ2024–25 ቁጥሩ ከ37 አለፈ። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ የሚጫወት ሴንተር ከመቶ 46 ቢያገባ፣ እያንዳንዱ ሙከራ 0.92 ነጥብ ያወጣል። ከመቶ 36 የሚያገባ የሦስት ነጥብ ተኳሽ ግን በሙከራ 1.08 ያወጣል። በ20 ሙከራ ልዩነቱ 3.2 ነጥብ ነው፤ ብዙ ጨዋታ የሚወሰነው ከዚያ ባነሰ ነው። ሴንተሩ የሚያስገኘው ፋውልና ነጻ ውርወራ ልዩነቱን ያጠበዋል፤ የሚያባክነው ኳስ ደግሞ መልሶ ያሰፋዋል።

ሁለተኛው በ2001–02 የመጣው የመከላከል ሕግ ለውጥ ነው፤ ብዙ ተመልካች ይረሳዋል፤ በእኛ ግምት ግን ከሦስት ነጥቡ መስመር አያንስም። ከዚያ በፊት ተከላካይ የራሱን ሰው ትቶ ባዶ ቦታ መጠበቅ አይፈቀድለትም ነበር። ሻኪል ኦኒል ኳስ ሲይዝ ተጋጣሚ ወይ አንድ ለአንድ መግጠም፣ ወይ በግልጽ ሁለተኛ ሰው መላክ ነበረበት። እገዳው ሲነሣ አንዱ ከሴንተሩ ፊት ቆሞ ቅብብሉን ይከለክላል፤ ሌላው ከጀርባው ይጠብቃል፤ ሦስተኛው አንድ እግሩን ወደ መሐል አስገብቶ ያደፍጣል። ኳሱ እሱ ጋ እስኪደርስ ሰዓቱ ከግማሽ በላይ ሄዷል። ዛሬ ጀርባ ሰጥቶ መጫወት ውድ የሆነው ግዙፎቹ ስለሰነፉ ሳይሆን ኳሱን እዚያ ለማድረስ የሚከፈለው ስለበዛ ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ፦ ሲጨንቅ ማን ሜዳ ላይ አለ?

ኤንቢኤ “ወሳኝ ጊዜ” የሚለው የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ሆኖ የነጥብ ልዩነቱ 5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። በአራቱ ጨዋታዎች ያንን ክፍል ፈልጉና ሴንተሩ ሜዳ ላይ መኖሩን ጻፉ። ከሌለ ለምን እንደወጣ ተመልከቱ፦ ነጻ ውርወራ ስለማይችል? ፋውል ስለሞላ? ወይስ ተጋጣሚው እያሳደደ ስላስጨነቀው? ሦስቱ የተለያየ በሽታ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ፋውል ማብዛት በወጣት ላይ የሚድን ነው። መታደን ብዙ ጊዜ አይድንም።

የመደበኛ ዙር ደቂቃውንና የፕሌይኦፍ ደቂቃውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከ30 ወደ 28 ቢወርድ ምንም አይደለም። ከ30 ወደ 18 ከወረደ ቀሪው ግምገማችሁ ምክንያቱን መፈለግ ብቻ ነው።

የፒክ ኤንድ ሮል መከላከል፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ከአንድ ጨዋታ 15 ተከታታይ ፒክ ኤንድ ሮል (አንዱ ኳስ ለያዘው ስክሪን አድርጎ ወደ ቅርጫት የሚሮጥበት ጥቃት) ቁጠሩ። መምረጥ የለም፤ ተከታታይ ይሁኑ። ብዙዎቹ ባህላዊ ሴንተሮች የሚከላከሉት “ድሮፕ” በሚባለው መንገድ ነው፦ ስክሪኑ ሲደረግ አብሮ አይወጣም፤ ዝቅ ብሎ ነጻ ውርወራ መስመር አካባቢ ይጠብቃል። ሥራው ለሁለት ሰከንድ ያህል አንድ ሰው ሆኖ ሁለቱን መያዝ ነው፤ ኳስ የያዘውን ከፊቱ፣ ወደ ቅርጫት የሚሮጠውን ከጀርባው ሳያሳልፍ፣ ስክሪን የመታው ጓደኛው ተመልሶ እስኪደርስ።

ጥሩው ምን ይመስላል? ጉልበቱ ታጥፏል፤ ደረቱ ወደ ጋርዱ ነው፤ አንድ እጁ ወደ ኳሱ ተዘርግቷል፤ ሌላው የቅብብሉ መስመር ላይ ነው፤ ወደ ኋላ የሚሄደው በአጫጭር እርምጃ ነው። ጋርዱ ሲያመነታ እሱም ያመነታል። የሚበላሸው ደግሞ በአራት መንገድ ነው።

በጣም ጥልቅ መቆም የመጀመሪያው ነው። ተረከዙ ከቀለበቱ ሥር 1.22 ሜትር ላይ ወደተሰመረው ግማሽ ክብ ከተጠጋ፣ ጋርዱ ማንም ሳይነካው እየተራመደ ይወረውራል። ይህ ሴንተሩ ፍጥነቱን እንደማያምን ይናገራል። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፦ ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ መቆም፤ ኳሱ በአናቱ ላይ ያልፍና ከጀርባው ዳንክ ይሆናል። ሦስተኛው ዳሌን ቀድሞ ማዞር ነው። ሴንተሩ ጎኑን እንደሰጠ ጋርዱ ወደተከፈተው በኩል ይቆርጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያድነው ብሎክ (የተወረወረውን ኳስ በአየር ላይ መምታት) ብቻ ነው፤ አለዚያም ፋውል። አራተኛው ለማታለያ መዝለል ነው።

በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር ጻፉ፦ እግሩ የት ነበር (ጥልቅ፣ መካከል፣ ከፍ) እና ጥቃቱ በምን ዓይነት ውርወራ አለቀ (ቀለበት ሥር፣ መካከለኛ ርቀት፣ ሦስት ነጥብ፣ የባከነ ኳስ፣ ፋውል)። ገባ አልገባ ብላችሁ አትጻፉ። ጀማሪ ገምጋሚዎችን የሚያሳስተው ይኸው ነው፤ 15 አጋጣሚ ትንሽ ስለሆነ ኳስ መግባቱና አለመግባቱ በዕድል ይወዛወዛል፤ የውርወራው ዓይነት ግን የሴንተሩን ሥራ በቀጥታ ያሳያል። የእኛ መስፈሪያ እንዲህ ነው፦ ከ15ቱ 8 እና ከዚያ በላይ በመካከለኛ ርቀት ወይም በባከነ ኳስ ካለቁ ጎበዝ ነው። 6 ወይም ከዚያ በላይ ቀለበት ሥር ካለቁ፣ ቁመቱ ምንም ያህል ቢሆን ከፕሌይኦፍ አያልፍም።

ቀጥሎ ስዊች፤ ተከላካዮች የሚጠብቁትን ሰው ሲቀያየሩ ማለት ነው። ተጋጣሚው ፈጣን ጋርዱን ከእሱ ጋር ሲያፋጥጠው ምን ይሆናል? እንዲያስቆመው አትጠብቁ። የሚጠበቅበት ለሦስት ድሪብል (ኳስ ማንጠር) ያህል ከፊቱ መቆየትና ከባድ ውርወራ ማስወርወር ነው። በ2024ቱ የምዕራብ ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ የዳላሱ ሉካ ዶንቺች በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የሚኒሶታውን ሴንተር ሩዲ ጎቤርን አፋጦ ወደ ኋላ ሸርተት አለና በእጁ ላይ ሦስት ነጥብ አገባ፤ ዳላስ 109 ለ 108 አሸነፈ። ያን አጋጣሚ ደጋግማችሁ እዩት። ጎቤር ወደ ቅርጫት አላሳለፈውም፤ ሽንፈቱ ያለው ወደ ኋላ በተወሰደው አንዲት እርምጃ ላይ ነው፤ ግዙፍ ሰው ወደ ኋላ እየሄደ ድንገት ቆሞ ወደ ፊት ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ውስጥ።

አራተኛው ሩብ ላይ ተጋጣሚው እሱ የሚጠብቀውን ሰው ስንት ጊዜ ለስክሪን እንደሚጠራ ቁጠሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ የተለመደ ነው። ስምንት ጊዜ ከሆነ ተጋጣሚው አሰልጣኝ ግምገማውን ከእናንተ ቀድሞ ጨርሷል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት

በ2021 የምዕራብ ግማሽ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ክሊፐርስ በ25 ነጥብ ተበልጦ ከቆየ በኋላ ዩታን 131 ለ 119 አሸነፈ። የክሊፐርሱ ቴራንስ ማን 39 ነጥብ አስቆጠረ፤ ብዙ ጊዜ እሱን እንዲጠብቅ የተመደበው ያኔ ለዩታ ይጫወት የነበረው ጎቤር ነበር፤ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ተከላካይ የተባለው ማለት ነው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ “ጎቤር በፕሌይኦፍ ይወድቃል” ተባለ።

ፊልሙን ከፍታችሁ ከቴራንስ ማን ውርወራ አንድ ሁለት ቅብብል ወደ ኋላ ሂዱ። ክሊፐርስ አምስት ተኳሾች አሰለፈ። የዩታ ጋርዶች ፊት ለፊት ይታለፉ ነበር፤ ጎቤር ወይ ቀለበቱን ይጠብቃል፣ ወይ ጥጉ ላይ ከቆመው ሰው አይለይም። ከቀለበቱ እስከ ጥጉ የሦስት ነጥብ መስመር 6.70 ሜትር ነው፤ ኳስ የሚሄድበትን ያህል የሚሮጥ ሰው የለም። ስለዚህ ሴንተር ሲቀጣ ባያችሁ ቁጥር በደብተሩ ኅዳግ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ “መጀመሪያ የታለፈው ማነው?” መልሱ ከግማሽ በላይ ሌላ ሰው ከሆነ የሴንተሩን ዋጋ አትቀንሱ፤ የቡድኑን ጋርዶች ቀንሱ። ያው ጎቤር ሚኒሶታ ሄዶ ጄደን ማክዳንኤልስና አንቶኒ ኤድዋርድስ ከፊቱ ሲቆሙለት፣ በ2023–24 ቡድኑ በመከላከል ከሊጉ አንደኛ ሆነ፤ እሱም የዓመቱን ምርጥ ተከላካይ ሽልማት ለአራተኛ ጊዜ ወሰደ።

ከብሎክ ይልቅ ያልተወረወረውን ቁጠሩ

ጋርዱ ወደ ቅርጫት ገብቶ ሴንተሩን ሲያይ የሚመለስበት፣ ወይም ኳሱን ሳይወድ የሚያቀብልበት ጊዜ አለ። ይህ በየትኛውም የጨዋታ ወረቀት ላይ አይጻፍም። እናንተ ጻፉት። በአንድ ጨዋታ 6 ጊዜ ያስመለሰ ሴንተር 3 ብሎክ ካስመዘገበው ይበልጣል፤ በተለይ ብሎኩ ኳሱን ተመልካች መሐል የሚልክ ከሆነ፤ ኳሱ ለተጋጣሚው ይመለሳልና።

ቀጥታ ወደ ላይ መዝለልንም ተመልከቱ። ሮይ ሂበርት በኢንዲያና በ2013 ያሳየው ይህንን ነበር፦ 2.18 ሜትር ቁመት፣ ሁለት እጅ ወደ ሰማይ፣ ከቆመበት ቦታ ሳይነቃነቅ መዝለል፤ ግጭቱ ቢኖርም ፋውሉ የእሱ አይደለም። ይሁን እንጂ የሂበርት ታሪክ ሁለተኛ ገጽ አለው። ተጋጣሚዎች ሴንተሮቻቸውን ወደ ውጭ ማውጣት ሲጀምሩ ቀለበቱን ጥሎ መውጣት ግድ ሆነበት፤ ሁለት ጊዜ ኦል ስታር (ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ) የነበረው ሰው በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሊጉ ወጣ። እንደሱ ያለ ዕውቀት አንድ ነገር ብቻ ሲሆን ምን ያህል በፍጥነት እንደሚረክስ ማየት ያሳዝናል።

የትኛው ሕግ እንደሚሠራም አትርሱ። በኤንቢኤ ተከላካይ በክንድ ርቀት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር ቅርጫት ሥር ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም፤ ቅጣቱ አንድ ነጻ ውርወራ ሲሆን ኳሱም ለተጋጣሚው ይመለሳል። በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ይህ የለም፤ ሴንተሩ እንደልቡ ይቆማል። በፊባ ኳስ ቀለበቱን አንዴ ከነካ በኋላ ማንም ከላይ ሊመታው ይችላል፤ በኤንቢኤ ከቀለበቱ በላይ እስካለ አይነካም። በዚህ ላይ የፊባ የሦስት ነጥብ መስመር 6.75 ሜትር ነው፤ የኤንቢኤው በመሐል 7.24 ነው፤ ስለዚህ የሚጠበቀው ስፋት ያንሳል። ያው ግዙፍ ሰው በአውሮፓ ሊግ ውድ፣ በኤንቢኤ ርካሽ ሊሆን የሚችለው በዚህ ነው። በሌላ በኩል በፊባ የሚያስወጣው 5 ፋውል ነው፤ በኤንቢኤ 6።

ኳስ ሳይነካ የሚሠራው

ስክሪን ሲያደርግ እግሩን አቁሙና እዩ። ከትከሻው ጥቂት ሰፋ ያለ አቋቋም፣ ሰውነቱ የቆመ፣ ጀርባው ጋርዱ ሊሄድበት ወደሚገባው አቅጣጫ የዞረ መሆን አለበት። ተከላካዩ በእርግጥ ሲጋጭ ይታያል ወይስ እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ያልፋል? ከ10 ስክሪን 6ቱ ግጭት ያላቸው ካልሆኑ ያ ሰውነት ባክኗል። የሚንቀሳቀስ ስክሪን አድርጎ ፋውል የሚቆጠርበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጋርዱ ሳይደርስ የሚቸኩለው ነው።

ከስክሪኑ በኋላ ወደ ቅርጫት ሲሮጥ፣ ዓይናችሁን በሌላኛው ጥግ ያለው ተከላካይ ላይ አድርጉ። ያ ሰው ጥጉን ትቶ ሴንተሩን ለማስቆም ወደ መሐል ከገባ፣ ሴንተሩ ኳስ ባይደርሰውም ለጓደኛው ጥግ ላይ ባዶ ሦስት ነጥብ ከፍቷል። ከ15 ሩጫ ስንቱ ላይ ያ ተከላካይ እንደገባ ቁጠሩ። 10 ከሆነ፣ በአማካይ 9 ነጥብ ብቻ የሚያስቆጥር ቢሆን እንኳ የቡድኑን ጥቃት የሚሸከመው እሱ ነው። 3 ከሆነ ማንም አይፈራውም።

ሁለት ተከላካዮች ጋርዱን ሲከብቡ ኳሱ ነጻ ውርወራ መስመር አጠገብ ለሴንተሩ ይደርሰዋል፤ ከዚያ አራት ለሦስት ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወይ ማቀበል፣ ወይ መግፋት፣ ወይ መወርወር አለበት። ኳሱን ይዞ ጭንቅላቱን አቀርቅሮ አንድ ድሪብል ካደረገ ዕድሉ አልፏል። ግሪን ያንን ቦታ የሥልጣኑ መንበር አድርጎት ነበር፤ የጎልደን ስቴት ጨዋታ የተሠራው ከስቴፍን ከሪ ውርወራ ባልተናነሰ በዚያች አንዲት ቅብብል ነው።

ጀርባ ሰጥቶ መጫወት ዛሬ የሚያዋጣው መቼ ነው?

ሁለት ቦታ ላይ ያዋጣል። አንደኛው ትንሽ ሰው በስዊች ሲደርሰው ነው። ለዚህ አሥር ዓይነት እንቅስቃሴ አያስፈልግም፤ ሰውየውን ቶሎ ከጀርባው ማስቀረት፣ አንድ እግር ቅርጫት ሥሩ ክልል ውስጥ አድርጎ ኳሱን መቀበል፣ ቢበዛ አንድ ድሪብል። ሴንተሩ ይህንን ማድረግ ካልቻለ ተጋጣሚው ያለ ፍርሃት ስዊች ያደርጋል፤ የቁመቱ ጥቅም ሁሉ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ስዊች በተደረገ ቁጥር ቅጣት ተከተለ አልተከተለም ብላችሁ መዝግቡ።

ሁለተኛው ሴንተሩ አቀባይ ሲሆን ነው። ኒኮላ ዮኪች በ2014 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) 41ኛ ተመርጦ በ2021 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ ከኦኒል የ2000 ሽልማት በኋላ የመጀመሪያው ሴንተር ነው። በ2022ና በ2024 ደገመው፤ በመካከሉ የ2023ቱን ጆኤል ኤምቢድ ወሰደ። ዮኪች ጀርባውን ሲሰጥ ተከላካዮቹ የሚፈሩት ትከሻውን ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ሰው ከላኩ ከተላከው ሰው ጀርባ የሚቆርጠውን ያቀብላል፤ ካልላኩ ያስቆጥራል።

ይህ ሁለቱ የሌለበት የነጥብ አማካይ አያታልላችሁ። ጃሊል ኦካፎር በ2015 ድራፍት ሦስተኛ ተመርጦ በመጀመሪያ ዓመቱ 17.5 ነጥብ አስቆጠረ። ኳስ ሲይዝ ጨዋታው ይቆማል፤ ቅብብሉ ጥቂት ነበር፤ በመከላከል በኩል ቀለበቱን አይጠብቅም። በሦስተኛው የውድድር ዘመን ወደ ብሩክሊን ተላከ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ኳሱ ከደረሰው ጊዜ አንሥቶ ውሳኔ እስኪወስድ ሰከንድ ቁጠሩ። ከሦስት በላይ እየወሰደ ቅብብሉ ከአምስት አንድ ካልሞላ፣ የሚያገኘው ነጥብ ከሌሎቹ አራት የተወሰደ ነው።

ውርወራ

ብሩክ ሎፔዝ በመጀመሪያዎቹ ስምንት የውድድር ዘመናት 31 ሦስት ነጥብ ሞክሮ 3 ብቻ አገባ። በዘጠነኛው፣ በ2016–17፣ 134 አገባ። ማርክ ጋሶልም በዚያው ዘመን ከስምንት ዓመት 12 ተነሥቶ በአንድ ዓመት 104 ደረሰ። ሁለቱም ከድሮ ጀምሮ ነጻ ውርወራ የሚያገቡ ነበሩ፤ ምልክቱም እሱ ነው። ነጻ ውርወራውን ከመቶ ከ75 በላይ የሚያገባ ሴንተር ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። ከ60 በታች ለሆነ ግን ማንም ቃል ቢገባላችሁ ገንዘብ አታስይዙበት።

ከመቶ ስንት አገባ ከማለት በፊት ስንት ሞከረ በሉ። በጨዋታ ከ3 በታች የሚሞክረውን ተከላካዩ አይከተለውም። ዓይናችሁን ተከላካዩ ላይ አድርጉ፤ ሴንተሩ ከመስመሩ ውጭ ሲቆም ተከላካዩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሜዳው ተከፍቷል፤ ቅርጫት ሥር ተተክሎ ከቀረ ውርወራው ቢገባም ባይገባም ለቡድኑ ቦታ አልፈጠረም።

የነጻ ውርወራው ሒሳብ ደግሞ ምሕረት የለውም። በቅርብ ዓመታት የአንድ ቡድን ጥቃት በ100 የኳስ ይዞታ 114 ነጥብ ገደማ ያወጣል። ሁለት ነጻ ውርወራ ከዚያ እንዲበልጥ ከመቶ 57 ማግባት ግድ ነው። ከዚያ በታች የሆነውን ሆን ብሎ ፋውል መሥራት ለተጋጣሚው ያዋጣል። አንድሬ ድራመንድ በጃንዋሪ 2016 በአንድ ጨዋታ 36 ወርውሮ 23 ሳተ፤ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ከዚያ በኋላ ኤንቢኤ ኳስ ባልያዘ ሰው ላይ ሆን ተብሎ ለሚሠራ ፋውል የነበረውን ተጨማሪ ቅጣት ወደ እያንዳንዱ ሩብ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ አሰፋው፤ ቀሪው ጊዜ ግን አሁንም ክፍት ነው።

ሪባውንድ፤ ተመልሶ የተወደደው ዕቃ

የራሱን ሪባውንድ ብቻ አትቁጠሩ። ኳስ ሲወረወር ሰው ፈልጎ በጀርባው ይገፋል ወይስ ኳሱን እያየ ቀድሞ ይሮጣል? ስቲቨን አዳምስ ለዓመታት ሁለት ሰው ገፍቶ ኳሱን ለጋርዱ ሲተው ኖሯል፤ ቁጥሩ የጋርዱ፣ ሥራው የእሱ።

በጥቃት በኩል ከ2018–19 ጀምሮ ከተሳተ ውርወራ በኋላ ኳሱን መልሶ ያገኘ ቡድን የሚሰጠው 24 ሳይሆን 14 ሰከንድ ነው። ቢሆንም ሁሉም ከሩቅ ሲወረውር የሚሳተው ኳስ ስለበዛ፣ ያንን መልሶ የሚያመጣ ሰው ዋጋ ወጣ። ኦክላሆማ ሲቲ በ2024 አይዛያ ሃርተንስታይንን በሦስት ዓመት 87 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞ ከቼት ሆልምግሬን ጋር አሰለፈው፤ በ2025 ሻምፒዮን ሆነ። ሁለት ረጃጅም አብሮ ማሰለፍ የሚሠራው ግን ቢያንስ አንዱ ወደ ውጭ ወጥቶ መወርወር፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ስዊች ላይ መቆየት ሲችል ነው።

ወደ ገንዘብ ስትመጡ

በ2016 የደሞዝ ጣሪያው ከ70 ሚሊዮን ወደ 94 ሚሊዮን ዶላር ሲዘል ሌከርስ ለሞዝጎቭ በአራት ዓመት 64 ሚሊዮን ሰጠ። በዓመቱ ያንን ውል ከራሱ ላይ ለማውረድ ወጣቱን ዲአንጄሎ ራስልን ጨምሮ ለብሩክሊን ላከ፤ በልዋጩ የመጣው ሎፔዝ ነበር። ሎፔዝ በ2018 ሚልዋኪን የተቀላቀለው በ3.4 ሚሊዮን ብቻ ነው። በ2021 የሻምፒዮኑ ቡድን ሴንተር እሱ ነበር። ሁለቱን ውሎች ጎን ለጎን ተመልከቱ፤ ገበያው ራሱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፤ አንዴ አስወድዶ፣ አንዴ አርክሶ።

ከዚህ የሚወጣው አሠራር፦ ለሴንተር ዋጋ ስታወጡ ከሌላ ኮከብ ጋር አታወዳድሩት፤ በዝቅተኛ ደሞዝ ከሚገኘው ሴንተር ጋር አወዳድሩት። ስክሪን አድርጎ የሚሮጥ፣ ሪባውንድ የሚሰበስብ፣ 20 ደቂቃ የሚጫወት ሰው በየዓመቱ በርካሽ ይገኛል። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት በርካሽ ለማይገኘው ነው፦ ቀለበቱን ብቻውን ለሚዘጋው፣ ጥቃቱን ለሚያከፋፍለው፣ ወይም ቀለበት ጠባቂም ተኳሽም ለሆነው። ድራፍትም ላይ ይህንኑ ያዙ፤ ጎቤር 27ኛ ነበር የተመረጠው።

የመጨረሻው ገጽ ለተጋጣሚዎች ነው። በ2020 ሌከርስ ትናንሾችን ብቻ ባሰለፈው ሂዩስተን ላይ ሴንተሮቹን ድዋይት ሃዋርድንና ጃቬል ማጊን ወንበር ላይ አስቀመጣቸው ለማለት ይቻላል። በቀጣዩ ዙር ዮኪችን እንዲጋፋ ሃዋርድን መልሶ አራተኛው ጨዋታ ላይ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጋር አስጀመረው። በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ደግሞ በአሌክስ ካሩሶ ተክቶት ዋንጫውን በላ። አንድ ሰው፣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሦስት የተለያየ ዋጋ። ስለዚህ ቡድናችሁ ሊገጥማቸው የሚችሉ አራት ተጋጣሚዎችን ስም ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን ሴንተራችሁ በሰባተኛ ጨዋታ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ገምቱ፤ ደምራችሁ ለአራት አካፍሉ። ውጤቱ ከ24 ደቂቃ በታች ከሆነ፣ የምትፈራረሙት ከተቀያሪ ጋር ነው፤ ደሞዙንም በዚያው ልክ ጻፉ።